ኬሚስትሪ የደረሳት ልጅ

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኖ ሰነበተ። ሰው አልሞተም። የእህቴ ልጅ ኬሚስትሪ ደርሷት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ልጅቱ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። እናቷ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ልጅቱ ስምንት ዓመት ሲሆናት ታማ አረፈች። ሕመሙ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲህ ‹‹ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?›› ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ ‹‹ሐኪም።›› ሌላ ልጅ ዛሬ ፓይለት፣ ነገ ዘፋኝ፣ ከነገ ወዲያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ ይላል። እሷ አንድ ቀን እንኳን አላዛነፈችም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች። ፎርሙ ላይ ጤናን አንደኛ አድርጋ ሞላች። ውጤቷ የሚታማ አልነበረም፤ ለጤና ግን በጥቂት ነጥብ አነሰ። የተፈጥሮ ሳይንስ ደረሳት። ‹‹ግድ የለም፣ ባዮሎጂ እገባና ቀስ ብዬ እጠጋዋለሁ›› ብላ ራሷን አጽናናች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሌላ ፎርም ቀረበላት። ኬሚስትሪን አራተኛ ላይ አሰፈረችው፤ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ያህል። አራተኛው ደረሳት።

ጎረቤታችን እትዬ፣ ጠላ ጠምቀው ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ የልጅቱን ሲቃ በአጥር ቢሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በር ላይ ተቀበልኳቸው።

‹‹ምን ሆና ነው ልጄ?››

‹‹ኬሚስትሪ ደርሷት ነው እትዬ።››

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

‹‹ይድናል?›› አሉኝ።

መሳቄ አልቀረም፤ ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የመጣልኝ ጥያቄ ከእትዬ ጥያቄ ብዙም የራቀ አልነበረም። በኬሚስትሪ ዲግሪ ምን ይሠራል? ማን ይቀጥራል? አስተማሪ ከመሆን ሌላ መንገድ አለው? የተማርኩ ነኝ ባይ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበርኩ ሰው፣ ስለዚህ ትምህርት የማውቀው ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤቴ ከምታውቀው እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ደግሞም የምደባን ሐዘን በሩቅ የምሰማው ነገር አልነበረም፤ ለዓመታት ፊት ለፊት አይቼዋለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየመስከረሙ አዲስ ክፍል ስገባ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ‹‹ይህን ትምህርት ወዳችሁ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ›› እላለሁ። ከአርባው ተማሪ ሦስት እጅ ይወጣል። ከሦስቱ አንዱ እኔን ላለማሳዘን ያወጣው ነው። ቀሪዎቹ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ፈልገው ‹‹የተጣሉ›› ናቸው። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ‹‹ተጣልኩ›› ይላሉ፣ ከባቡር እንደ ወረደ ዕቃ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመቶው ሰባ እጅ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን፣ የመጣሉ ዕጣ በተራው ለሳይንሱም ሰፈር ደረሰ። እኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰባዎቹን ዕድለኞች እላቸው ነበር። ለካስ እዚያም እንባ ነበር።

ለልጅቱ መጽናኛ ፍለጋ አራት ኪሎ ወረድኩ። እዚያ ኬሚስትሪ የሚያስተምር አብሮ አደጌ አለ። ሻይ ቤት ይዤው ገባሁና ጉዳዩን ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ፣

‹‹አንተ ራስህ ኬሚስትሪ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?›› አለኝ።

‹‹የትኛው ማለት? ኬሚስትሪ ነዋ!››

‹‹ይኸው! ሥነ ጽሑፍ ማለት ተረት ነው ያልኩህ ቀን ለአንድ ወር አኩርፈኸኝ ነበር›› ብሎ የሻይ ማንኪያውን እንደ ጠመኔ ይዞ ያስተምረኝ ጀመር።

ያስተማረኝን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ዛሬም ፎርም ፊት ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ያለው ቤት አይጠፋምና። ኬሚስትሪ የሚለው ስም ያለበት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ንጹሑ ኬሚስትሪ አለ፤ እሱ ውስጥ ተማሪው ከአራት ትላልቅ ክፍሎች ጋር ይተዋወቃል። ኦርጋኒክ የሚባለው የካርቦንን ዘር ማንዘር ያጠናል፤ መድኃኒቱም፣ ሽቶውም፣ ዘይቱም፣ ፕላስቲኩም እዚያ ነው። ኢንኦርጋኒክ የማዕድኑና የብረታ ብረቱ ነው። ፊዚካል የሚባለው ‹‹ይህ ነገር ለምን ሆነ? በምን ፍጥነት? ስንት ሙቀት በልቶ?›› እያለ በሒሳብ ይጠይቃል። አናሊቲካል ደግሞ ‹‹እዚህ ውስጥ ምን አለ? ስንት አለ?›› ብሎ ይመረምራል። ከእነዚህ ጎን ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ አለ፤ ያንኑ ዕውቀት ወደ ሳሙናው፣ ቀለሙ፣ ቆዳውና ሲሚንቶው ፋብሪካ ያዞረዋል። ባዮኬሚስትሪ ወደ ሕይወት ያለው ነገር ይጠጋል። መምህርነት ለሚፈልግ ደግሞ ከዲግሪው በላይ የማስተማር ሥልጠና አለ።

‹‹ታዲያ ኬሚካል ኢንጂነሪንግስ?›› አልኩት፤ ባላዋቂ ድፍረት።

‹‹እሱ ሌላ ነው። ሚስትህ ለአንተ ሽሮ ትሠራለች አይደል?››

‹‹ትሠራለች።››

‹‹በዚያው አሠራር ለአንድ ሺህ የሠርግ እንግዳ ሽሮ ሥራ ብትባል ብረት ድስቱን ማስፋት ብቻ ይበቃታል?››

አይበቃትም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ የሠርግ ሽሮ ሥሩ አሮ ላዩ ጥሬ ሲሆን በልቻለሁ። ወዳጄ ምክንያቱን በቁጥር አስቀመጠልኝ። የአንድን ድስት ቁመትና ስፋት አሥር አሥር እጥፍ ብታሳድገው፣ ሙቀት የሚያስገባውና የሚያስወጣው ገጽ መቶ እጥፍ ያድጋል፤ ውስጡ ያለው ሽሮ ግን ሺህ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ገራም የነበረ ነገር ትልቁ በርሜል ውስጥ ሙቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ኬሚስቱ ብልቃጧ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ኢንጂነሩ በርሜሉ እንዳይፈነዳ ያደርጋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ ለልጅቱ አወራሁላት። አልተጽናናችም። ‹‹ሽሮ ልታስተምረኝ ነው ጋሼ?›› ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰው ላዘነበት ነገር ማብራሪያ መድኃኒት እንደማይሆን የዚያን ቀን ተማርኩ። ሆኖም ሰኞ ጠዋት ተነሥታ ሄደች። ሌላ ምርጫም አልነበራት።

ቀጥሎ የሆነውን ያየሁት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በየቅዳሜና እሑዱ፣ ልብሷን ልታጥብ ስትመጣ፣ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ነጩን ጋውን ነው፤ እዚህም እዚያም ተበሳስቶ። ‹‹ምን በላው?›› ስላት ‹‹አሲድ›› አለች፤ ኩራት ቢጤ ነገር ሰማሁባት። ቀጥዬ ያየሁት ደብተሯን ነው። እንዲህ ያለ ደብተር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። በእስክርቢቶ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ እርሳስ ክልክል ነው። ገጹ ተቆጥሯል፤ ቅጠል መቅደድ አይቻልም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተመዘነው፣ የተለካው ሁሉ ያኔውኑ ይሰፍራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስህተት የሚታረምበት መንገድ ነው። የተሳሳተው ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት።

‹‹ለምን ጥርግ አድርገሽ አታጠፊውም?›› አልኳት።

‹‹አይቻልም ጋሼ። ተሳስተህ ከሆነ የተሳሳትከው ምን እንደሆነ መታየት አለበት። ምናልባትም የተሳሳትከው ስታርመው ሊሆን ይችላል።››

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ረቂቅ እየቀደድኩ ነው። መጥፎ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እንደማላውቅ ዓለም እንዲያምን የምደክም ሰው ነኝ። ስህተቱን ለማሳየት ደብተር የሚገዛ የትምህርት ዘርፍ እንዳለ በዚያ ዕድሜዬ ነው የሰማሁት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ ወጉ ይጎድላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ታይትሬሽን የሚባል ሙከራ ታዘዝን። ቡሬት ከሚባለው ረጅም የመስታወት ቱቦ ቤዙ ጠብ ጠብ እያለ አሲዱ ውስጥ ይወርዳል፤ ጠቋሚው ውሃ መስሎ ቆይቶ በአንዲት ጠብታ ወደ ሐምራዊ ሲለወጥ ቁጥሩ ይነበባል። ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። እኔ አንዴ ሞከርኩና ሰለቸኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከራሴ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም አንድ ዓይነት፣ እስከ ነጥቧ ድረስ። መምህራችን ወረቀቱን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ‹‹ይህ ኬሚስትሪ አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው›› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሥነ ጽሑፍ መምህር ስሆን ይህችን ታሪክ በየግብዣው አወራኋት፤ ጥሪዬን የነገሩኝ የኬሚስትሪ መምህሬ ናቸው እያልኩ። ልጅቱም ብዙ ጊዜ ሰምታታለች። በሁለተኛ ዓመቷ አንድ ቀን ደግሜ ሳወራት ግን እንደ በፊቱ አልሳቀችም። ‹‹እውነተኛ እጅ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት አይለካም ጋሼ። ለዚህ ነው የያዙህ›› አለችኝ።

በዚያው ዓመት ከጎረቤታችን እትዬ ጋር ወዳጅነት ገጠመች። እትዬ ጌሾ ሲያሽሞነሙኑ አጠገባቸው ትቆምና ትጠይቃለች። ቅጠሉ ስንት? እንጨቱ ስንት? ስንት ቀን? ‹‹በዓይኔ ነዋ የምለካው ልጄ!›› ይሏታል። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት አንድ ጽሑፍ አንብባ መጣች። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር የጌሾን መራራነት ከቅጠሉ ውስጥ ለይተው አውጥተው፣ ‹‹ጌሾይዲን›› ብለው ስም አውጥተውለት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ አሳትመውታል። ለእትዬ ስትነግራቸው አጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ‹‹የምሬቱን ስም አወጡለት? እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠምቀው ስም እንዳለው ማን ነገረኝ!››

ከጌሾው ወደ እንዶዱ ተሻገረች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸውን፣ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ መሆኑን፣ ከዚያ የተነሣው ምርምር ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘላቸው ነገረችኝ። ይህን እኔም በስሚ ስሚ አውቀው ነበር። የማላውቀው ቀጥሎ የነገረችኝን ነው፤ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ከፍሬው ሲለይ ‹‹ለማቶክሲን›› ተባለ፤ በአክሊሉ ለማ ስም። ‹‹ወንዝ ዳር ያየው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀንድ አውጣው ሞተ ብሎ ያልፍ ነበር›› አለች። ልብ ብዬ አየኋት። ‹‹ተጣልኩ›› የምትለው ቃል ከአፏ የጠፋችበትን ቀን አላስታውስም፤ ግን ጠፍታለች።

እንዲህ ስል ነገሩን ወርቅ እየቀባሁት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቡሬት ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ የሚቆምበት ጊዜ እንደነበር ነግራኛለች። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ የቀረው ያያል፤ አንዳንዱም አያይም። ኬሚካል አልቆ ሙከራው በሰሌዳ ላይ ‹‹የተሠራበትን›› ሌላ ቦታ የተማሩ ጓደኞቿ አውርተውላታል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካል። የሚያስተምረው ነገር ግን የለም።

በ2008 ዓ.ም. ተመረቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመራቂ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ኮፒ ቤት፣ ‹‹ዜሮ ዓመት›› የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ። በመጨረሻ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ፣ የጥራት መቆጣጠሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ቀጠራት። በመጀመሪያ ደሞዟ ለእኔ ሹራብ፣ ለእትዬ ነጠላ ገዛች።

ሥራዋ ምን እንደሆነ አንድ ማታ አስረዳችኝ። ዘይት ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲሰነብት ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር ያቁራል፤ የመሻገት መጀመሪያው እሱ ነው። ከዘይቱ ትንሽ ተመዝኖ ይሟሟና ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል። ፐርኦክሳይዱ አዮዲኑን ያስለቅቀዋል፤ አዮዲኑ ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ያው እኔ የሸሸሁት ቡሬት ይመጣል፤ ሰማያዊው እስኪጠፋ ጠብ ጠብ። የወረደው መጠን ዘይቱ ምን ያህል እንደተበላሸ ይናገራል። ለተጣራ ዘይት ዓለም አቀፉ ኮዴክስ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 10 ሚሊኢኩቫለንት ነው።

በገባች በሰባተኛው ወር አንድ ሐሙስ ማታ መልኳ ጠቁሮ መጣች። እራት አልበላም አለች። ጎትጉቼ አወጣጣኋት። የአንድ ዙር ምርት ስትለካ 13.8 መጣ። ደገመችው፤ 14.1። ሠለሰችው፤ 14.0። ምናልባት የምትለካበት ኬሚካል ይሆናል ብላ አዲስ አዘጋጀች። ዘይት የሌለበትን ባዶውን ለካች። ያው ነው። አለቃዋ ወረቀቱን አይቶ ‹‹9 ብለሽ ፈርሚ፤ መኪናው ቆሟል›› አላት። ‹‹እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት›› ብሎ ሸኛት።

አሁን የምጽፈው ለመጻፍ የሚከብደኝን ነው። እኔ፣ አርባ አርባ ልጅ ፊት ቆሜ ሥነ ጽሑፍ ማለት ለእውነት መቆም ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ ምን ብዬ መከርኳት? ‹‹ፈርሚ›› አልኳት። ‹‹ዓመት ተኩል ቁጭ ብለሽ አይተሻል። አንቺ ባትፈርሚ ሌላው ይፈርማል። ዘይት ነው፤ መርዝ አይደለም። ሰው በአንድ ጠርሙስ ዘይት አይሞትም።›› ይህን ሁሉ አልኳት። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይመስለኝም። ያቺን ፎርም ይዛ ግድግዳ ስታይ የነበረችውን ልጅ ዳግመኛ ለማየት አቅም ስላልነበረኝ ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤

‹‹ጋሼ፣ አንተ አሥራ አንደኛ ክፍል የጻፍከውን ቁጥር ማንም አልበላውም። ይሄን ሰው ይበላዋል።››

ተነሥታ ወደ መኝታዋ ሄደች። በማግሥቱ ያየችውን ቁጥር ጽፋ ፈረመች። በወሩ መጨረሻ ‹‹የሙከራ ጊዜሽን በአግባቡ አልፈጸምሽም›› የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ የሙከራ ጊዜዋ ካለቀ ወራት አልፈው ነበር። ዘይቱም አልቀረም። በሌላ ሰው ፊርማ፣ በ9፣ ወጥቷል። እውነት ድል ነሣች ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን ያ ደግሞ ሦስተኛው ልብ ወለዴ ይሆናል። ለስምንት ወር ያህል ቤት ተቀመጠች። እኔም ሱቅ ሄጄ ዘይት በገዛሁ ቁጥር ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ በዓይን እንደማይታይ እያወቅሁ።

በእነዚያ ስምንት ወራት አንድ ነገር ሳሰላስል ከረምኩ። የኬሚስትሪ ምሩቅ ምን ይዞ ይወጣል ብሎ ለሚጠይቅ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ የኮርሶች ዝርዝር አለ። የሥራ ማስታወቂያው ላይም ‹‹መሣሪያዎችን የመጠቀም ችሎታ፣ ሪፖርት የመጻፍ ችሎታ፣ በቡድን የመሥራት ችሎታ›› ይላል። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ሐሰት አይደሉም። መመዘን፣ ማሟሟት፣ ከማይታይ ነገር ጋር በጥንቃቄ መኖር፣ ግራፍ ማንበብ፣ ያየኸውን ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችልበት መንገድ መጻፍ፤ ሁሉም በገበያ ዋጋ አላቸው። ፋብሪካው፣ መድኃኒት መሥሪያው፣ የውሃው፣ የጉምሩኩ፣ የደረጃዎቹ ቤተ ሙከራ ይፈልጋቸዋል። ከእነዚህ ሥር ግን ስም ያልወጣላቸው፣ እንደ እትዬ ጌሾ ምሬት ያሉ፣ ሁለት ሦስት ችሎታዎች አሉ።

አንዱ፣ ‹‹ይመስለኛል›› እና ‹‹ለክቻለሁ››ን መለየት ነው። ሁለተኛው፣ ሦስት ልኬት መስማማቱ ብቻውን እውነት እንደማያደርገው ማወቅ ነው። ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ከሆነ ሦስቱም ተስማምተው ይዋሻሉ። ለዚህ ነው ባዶውን የምትለካው፣ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት የምትፈትነው። በእኛ አገር ሦስት ሰው አንድ ነገር ካወራ ወሬው ‹‹ተረጋገጠ›› ይባላል፤ ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው መሆኑን የሚጠይቅ የለም። ሦስተኛው፣ ቁጥር ሲመጣ ከምኞት ጋር ባይገጥምም አለመቆጣት፤ ምኞትን እንጂ ቁጥሩን አለማረም። ይህን ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በቃል አስተምሬዋለሁ። እሷ ጋ ግን በእጅ ገብቷል። በእጅ የገባ ነገር ሐሙስ ማታ ሲፈተን አይጠፋም፤ የእኔ በቃል የነበረው ጠፋ።

ስለዚህ ዛሬ ወላጆች ሲጠይቁኝ መልሴ ተለውጧል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል፤ ልጁ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ያንን ካየ በኋላ ነው። መንገዱም በዝቷል፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ አፕላይድ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤ ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች ንጹሑን ይዘዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ያልፋል። ፈተናው ልጁ ምን እንደሚያውቅ ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው። እናንተ ግን ፎርሙ ሳይሞላ፣ ‹‹ይህ ትምህርት የት ያስቀጥራል?›› ከምትሉት ጎን ሌሎች ጥያቄዎችን ጨምሩ። ልጄ ቡሬቱን በገዛ እጁ ይይዛል ወይስ ሲያዝ ያያል? በሳምንት ስንት ግማሽ ቀን ላብራቶሪ ይገባል? ደብተሩን የሚያነብለት፣ ‹‹ይህ ልብ ወለድ ነው›› የሚለው መምህር አለው? የመመረቂያ ሥራውን ከራሱ ሙከራ ይጽፋል ወይስ ከኮፒ ቤት ያመጣል? ፋብሪካ ወይም ቤተ ሙከራ ገብቶ የሚለማመድበት ጊዜ አለው? የእነዚህ መልስ ጥሩ ከሆነ አራተኛ ምርጫም ቢሆን አታልቅሱ። መልሱ መጥፎ ከሆነ አንደኛ ምርጫም ቢደርሰው አትጨፍሩ።

ልጅቱ አሁን ውሃ ትመረምራለች። ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች በጠርሙስ የሚመጣላትን ውሃ ፍሎራይዱን ትለካለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ አካባቢ ከዚያ በላይ የሆነ ብዙ ጉድጓድ አለ፤ የልጆችን ጥርስ የሚያቀልመው፣ ሲበዛም አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። አንድ ማታ ‹‹ሐኪም አልሆንኩም እንጂ ሐኪም ጋ ከመድረሳቸው በፊት አገኛቸዋለሁ›› አለችኝ። የእናቷ ነገር በልቧ እንደነበረ አለ ማለት ነው። ያን ሐሙስ ማታ ያልኩትን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔ ግን እዚህ ጽፌዋለሁ። ደብተሬን አልቀደድኩም፤ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ አስምሬበታለሁ፤ ከሥሩ ይነበባል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አንድ ኪሎ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው መጡ። ከገበያ የገዙት ነው፤ ጠርጥረውታል።

‹‹እስቲ እይልኝ ልጄ፣ ባዕድ ነገር ገብቶበት እንደሆን።››

ልጅቱ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ አሸተተችው።

‹‹በዓይን አይታወቅም እትዬ። ቤተ ሙከራ ያላት ጓደኛ አለችኝ፤ ትንሽ ቆንጥሬ ልውሰድላት። ሦስት ጊዜ ስለምትለካው ቶሎ አይደርስም፤ ለሳምንት ይመለሱ።››

እትዬ ወደ እኔ ዞር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹ያ ነገር እስካሁን አለቀቃትም?›› አሉኝ።

‹‹አለቀቃትም እትዬ›› አልኳቸው።

‹‹እሰይ›› አሉ፤ ቅቤያቸውን መልሰው እየጠቀለሉ።